የአባትሽ ፊት በጣቢያው ግድግዳ ላይ

ኬሬንድ፣ ሜይ 19 ቀን 1984

ውድ ማልቪኔ፣

ይህን ደብዳቤ ሳትከፍቺው ምድጃ ውስጥ እንዳትጨምሪው እህትሽን ኤርናን በስልክ ለምኛት ነበር። እሷ ደግሞ «እኔ ደብዳቤውን እሰጣታለሁ እንጂ እጇን አልይዝላትም» ብላ ዘጋችብኝ። እዚህ ድረስ ካነበብሽ እጅሽን የያዝሽው ራስሽ ነሽ ማለት ነውና እግዜር ይስጥልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የሾፕሮን አየር ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ። ግን ሾፕሮን ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ የኛ ኬሬንድ ደግሞ እስከ ቲሳ ወንዝ ድረስ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ለጉልበት የሚሻለውን አንቺው ፍረጂ፤ እኔ ምንም አላልኩም።

እኔ ደህና ነኝ። ከሳህ ይሉኛል፤ ውሸት ነው፣ ሱሪዬ ነው የሰፋው። ጎረቤታችን ጊዜላ ሐሙስ ሐሙስ በአጥሩ በኩል የጎመን ጥቅልል ታቀብለኛለች፤ ዋጋውን በወሬ ትቀበለኛለች። የቼሪው ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ ይዟል። ፍሬውን ለቅሞ በጠርሙስ የሚያሽገው ስለሌለ ወፎቹ ወፍረው መብረር አቅቷቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። የኬሬንድ ከተማ ምክር ቤት ለአባትሽ፣ ለቦዶር ኮርኔል፣ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲሠራ ወስኗል። በደንብ አንብበሻል፣ ለአባትሽ ነው። ሰሌዳው የሸክላ ነው፤ ከነሙሉ ፊቱ፣ ከነሪዙ፣ ከነአብራሪ ቆቡ። ተሠርቶ፣ እቶን ገብቶ ወጥቶ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አልቋል። የሚመረቀው የፊታችን ሳምንት እሑድ፣ ሜይ 27፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ቢሆን ልክ ከበረረበት ቀን ይገጥም ነበር፣ ግን ሰኞ የሙዚቃ ጓዱ ሰዎች ሥራ አላቸው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እኔም በትክክል አላውቅም። አምና ጃንዋሪ ላይ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማመልከቻ ተገኘ፣ ዘጠኝ ገጽ። ሊቀመንበሩ አሁን ቶርማ ነው፤ ያ ከእኛ ቼሪ ሊሰርቅ ወጥቶ ሱሪው አጥር ላይ የቀረበት ቶርማ። ወረቀቱ ላይ የጭቃ አሻራ አለበት ይላል። በዚህ የሸክላ ሠሪ ከተማ ውስጥ ጭቃ ያልነካው ወረቀት የት አለና! ማመልከቻው ውስጥ የ1911 የጋዜጣ ቁራጭ ተያይዞ ነበር፤ የአውራጃው ቤተ መዛግብት ውስጥ ያለ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ያስፈልጋል፣ ያውም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ነው፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። ብቻ አንድ ደግ ሰው ነው የደከመው።

ታዲያ ዘንድሮ ፌብሩዋሪ ላይ ስብሰባ ተጠራ። እኔም ቤት ከምቀመጥ ብዬ ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቶርማ መነጽሩን አድርጎ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ቃል አነበበ፦ «ቦዶር ኮርኔል፣ በዚህች ከተማ ተወልዶ፣ በ1911 በገዛ እጁ በሠራው አውሮፕላን ለመብረር የሞከረ።»

ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«ምን አልክ አንተ ልጅ?» አልኩት።

«ምን አልኩ፣ ጋሽ አምብሩሽ?»

«የሞከረ አልክ። መሞከርማ ዶሮም ትሞክራለች። ኮርኔል በረረ።»

«እንዴ ጋሼ፣ እርስዎም ያውቁታል እኮ፣ የዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ነው የገባው።»

«ኩሬው ጋ የደረሰው በምን መጥቶ ነው? በእግሩ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁስ ደግ ነበር። ግን ከመሀል አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልነግርሽም፣ እናቱን ስለምትወጂያት፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ኳክ! ኳክ!» አለ። የሳቁ ዓይነት ወዲያው ተለወጠ። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው፤ በዚህ አገር ኮርኔል ያለ ሁሉ ቀጥሎ ዳክዬ ይላል። አንቺ ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት የሄድሽው በዚህ ድምፅ መሀል ነው። እዚያ ቆሜ፣ ማልቪኔ፣ ያ ድምፅ በሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። «ያየ ሰው ይናገር» አልኩ።

ያየው ሰው እንደ አጋጣሚ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ማለቴ፣ የሸክላ ጋሪዬ ላይ ትራስ አንጥፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የወፍጮ ቤቱ ጋሽ ቬንደል ነው፤ ዘጠና ዓመት ሞልቶታል፣ ጆሮው እንጂ ምላሱ አልደከመም። በከዘራው ተደግፎ ተነሳ።

«እኔ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ» አለ። «ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ቀይ ሥር እያረምን ነው። ያ ነገር እየጮኸ መጣ። ሌሎቹ ሮጡ። እኔ እግሬ እምቢ አለኝና በሆዴ ተኛሁ። በላዬ ላይ አለፈ። ስሙኝ እናንተ! ቀና ብዬ አየሁት። ከጎማዎቹ በታች ሰማይ ነበር። ሰማይ! ይህን አይቼ አንድም ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ዳክዬዎቹ ነው።»

ቶርማ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ርቀቱስ ጋሽ ቬንደል፣ ስንት ይሆናል?» አለው።

«በማግስቱ ሄጄ በእርምጃ ቆጠርኩት። አምስት መቶ ሠላሳ። ያኔ እርምጃዬ ረጅም ነበር።»

«ኩሬውስ?»

«ኩሬውን ተወው። ኩሬው ባይኖር ኮርኔል ይሞት ነበር። ኮርኔል ቢሞት ማልቪን አትወለድም። ማልቪን ባትወለድ ይሄ አምብሩሽ ሳይታጠብ ይቀር ነበር። ለዳክዬዎቹም ሰሌዳ ይገባቸዋል።»

ሰዉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቶርማ እርሳሱን አንስቶ «ለመብረር የሞከረ» የሚለውን ሰረዘና «የበረረ» ብሎ ጻፈ። እኔ ሄጄ አየሁለት፤ አላምንማ። ያ ኳክ ያለውም ሰውዬ ስንወጣ ጋሪውን ገፋልኝ።

ቀጥሎ ሥራውን ማን ይሥራው ተባለ። በከተማችን አሥራ አንድ ሸክላ ሠሪ አለ። ዘጠኙ ፊት በማውጣት ከእኔ ይሻላሉ፣ አሥረኛው ደግሞ ዓይኑ ጠፍቷል። ግን ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ሁሉም ሥራ በዝቶባቸው ተገኘ። ጊዜላ «አምብሩሽ በየቤቱ እየዞረ ተዉልኝ ብሎ ለምኗል» ብላ ጽፋልሽ ከሆነ አትመኛት፤ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው። ሳህን በይኝ፣ ማሰሮ በይኝ፣ የወይን ጋን በይኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ። ፊት ግን ያንቺ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እኔ አሽከረክራለሁ፣ አንቺ ዓይንና አፍ ትሰጪዋለሽ፤ ገበያ ላይ ሰው «የአምብሩሽ እጅ!» ሲል እኔ ቆቤን አነሳ ነበር። አሁን ብቻዬን ከጭቃ ጋር ተፋጠጥኩ። የአባትሽ ፎቶ ደግሞ ያችው አንዷ ነች፤ ግማሽ ፊቱን መነጽርና ቆብ ሸፍኖታል፣ ግማሹን ሪዝ። በግልጽ የሚታየው የአፍንጫው ጫፍ ነው። በአፍንጫ ጫፍ ሰው አይሠራም።

የመጀመሪያውን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ራቅ ብዬ ሳየው ቶርማ ነው! የሊቀመንበሩን ጉንጭ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ያን ሰሞን አብዝቼ ስለተናደድኩበት ይሆናል። ወደ ጭቃው መለስኩት። ሁለተኛው ይብሳል። አባቴ «የሸክላ ሠሪ እጅ ሲጨንቀው የራሱን ፊት ይሠራል፤ ተጠንቀቅ» ይለኝ ነበር፤ ይኸው ደረሰብኝ። ጊዜላ በመስኮት ብቅ ብላ አየችና «ወይ ጉድ! አምብሩሽ፣ ለራስህ ነው ሐውልት የምታቆመው?» አለችኝ። እውነትም ራሴን ነበር፣ ሪዝ አብቅዬ፣ የአብራሪ ቆብ ደፍቼ፣ በራዬ ተሸፍኖልኝ። እውነቱን ንገር ካልሽኝ፣ ቆቡ ያምርብኝ ነበር። በቡጢ አልኩትና እሱም ጭቃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሙሉ ሥራ ቤቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለቶርማ ሄጄ አልቻልኩም ልለው ንግግሬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ ወንበርሽ አለ። ባዶ ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ባዶውን አልነበረም። ልትናደጂ ስትይ የሚነሳው የግራ ቅንድብሽን አየሁት። አገጭሽ ላይ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ቦታ፣ «የአባቴ ናት» እያልሽ በጣትሽ የምትነኪያትን። ስትወለጂ የነበረችው አዋላጅ ሳትቀር «ኮርኔል ራሱን ወለደ» ብላ ነበር ብለሽ ነግረሽኛል። ለካ አባትሽን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሻይ ሲጠጣ ሳየው ኖሬአለሁ።

ሻዩን ጥዬ ሮጥኩ። ጫማ እንኳ አላጠለቅኩም። አንድም ጊዜ ፎቶውን ሳላይ፣ በዚያው ጠዋት ፊቱ ወጣ። እጄ ታውቅሻለች፣ ማልቪኔ። የት ጋ እንደሚዞር፣ የት ጋ ቀስ እንደሚባል ታውቃለች። በጣም ናፍቀሽኛል። በኋላ ላይ የምጽፈው ነበር፣ ግን አሁን መጣብኝ፤ እዚሁ ይቀመጥ።

ሸክላ ሲደርቅና ሲጠበስ እንደሚያንስ አንቺን አልነግርሽም፤ ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱ ይሄዳል። ስለዚህ አባትሽን ትልቅ ራስ ሰጠሁት፤ ዱባ አከለ። ጊዜላ «ይህን ራስ ተሸክሞ እንዴት ከመሬት ተነሳ?» አለች። ጠብቂ አልኳት።

አሁን የምነግርሽን ነገር ስትሰሚ አትጩሂ። የቀለም ደብተርሽን ከፍቻለሁ። እንዳትነካው ብለሽኝ ነበር፤ ነካሁት። ቅጣቱን በአካል መጥተሽ ስጪኝ። ሪዙ ቀላል ነው፣ ቆቡም ቀላል ነው፣ ዓይኑን ግን ምን ልቀባው? «ቡናማም አይደለም አረንጓዴም አይደለም» ትይ እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው። አንድ የሚቀርብ ቀለም ባገኝ ብዬ ስገልጥ፣ መሀል ላይ አንድ ገጽ መጣ። አናቱ ላይ በእርሳስ «የአባባ ዓይን» ይላል። ከሥሩ ስድስት ሙከራ ተጽፏል፤ መዳቡ ይህን ያህል፣ ብረቱ ይህን ያህል። አምስቱ ተሰርዘዋል። ስድስተኛው ላይ ክብ ተደርጎበታል፣ ሌላ ምንም የለም። ቀኑ 1952 ነው።

ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያን ቀለም አግኝተሽ፣ ለአንድ ሳህን፣ ለአንድ የቅቤ ዕቃ እንኳ አልተጠቀምሽበትም። የአባትሽን ፊት ሥሪልን የሚልሽ ሰው ትጠብቂ ነበር። እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ እቶን፣ ክንድሽ አጠገብ ቆሜ እየሠራሁ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። አውሮፕላኑን እንዴት እንደሠራው፣ ውሃው ውስጥ ሆኖ ምን እንዳለ፣ ወደ ቤት ሲመለስ እናትሽ ምን እንዳለችው፣ ምኑንም አልጠየቅኩሽም። በየሠርጉ ልትነግሪን ስትጀምሪ ወሬ አስቀይር ነበር። አፍሬብሽ ነበር ማለት ነው፣ ማልቪን። እውነቱ ይኸው ነው፤ አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ሳታውቂው አልቀረሽም።

ቀለሙን እንዳልሽው በጠብጬ ቀባሁ። ስቀባው ግራጫ ነበር፣ እንደ አመድ። ይህ ነው የምትፈሪው፤ እሳት ሳያየው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ያልተጠበሰው ቅብ ደግሞ አንዴ የነካውን ቀለም ስለሚጠጣ አይሰረዝም፣ አይታረምም። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኔን ከጠረጴዛው ጋር በፎጣ አሰርኩት። ሁለት ነጥብ፣ አንድ ለግራ አንድ ለቀኝ። ጨረስኩ።

ከዚያ እቶን ገባ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጊዜላ በሁለተኛው ቀን «ትንሽ ከፍተን እንየው፣ ትንሽ ብቻ» እያለች በሩን ስትዞር በመጥረጊያ አባረርኳት። የእቶኑ ጡብ በባዶ እጅ እስኪያዝ ድረስ አይከፈትም፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው ስንጥቅ ይዞ ነው የሚወጣው። ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከፈትኩት።

አየኝ፤ አባትሽ አየኝ። ቡናማም አይደለም አረንጓዴም አይደለም። ልሳቅ ላልቅስ ሳልወስን ሁለቱንም አደረግኩት። አንድም ስንጥቅ የለውም፤ ራሱም የሰው ራስ አክሏል። ጊዜላ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ አየችና እጇን አጨበጨበች፦ «እሰይ! ማልቪን ሪዝ አብቅላ መጣች!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በጓሮ በኩል ገባ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢያችን ሠርግ መሰለ። አንዱ የፓሊንካ አረቄ አመጣ፣ አንዱ አኮርዲዮን፤ ያችው የጡብ ፋብሪካው ሒሳብ ሹም፣ የምትጠያት፣ የፖፒ ፍሬ ኬክ ይዛ መጣች፤ እንደ ድሮው ደረቅ ነው።

ጋሽ ቬንደልን በጋሪ አመጣሁት። ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አቁሜዋለሁ። ሽማግሌው ቀረበ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

«እንደምን ዋልክ፣ ኮርኔል» አለ።

«እሱን ይመስላል፣ ጋሽ ቬንደል?» አልኩት።

«አንተን አላናገርኩም» አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነልሽ። ቶርማ ሰሌዳው ምክር ቤቱ በር ላይ ይሁን ብሎ ነበር። እኔ የባቡር ጣቢያው ይሻላል አልኩ። ምክር ቤት የሚሄደው ከግብርና ከክስ ጋር የተያያዘ ሰው ነው፤ ኮርኔል ጉዞ የሚወድ ሰው ነበር፤ ደግሞ ከባቡር የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ቢሆን ደስ ይላል። ማንም ይሁን የሚወርደው። አንደኛው መስመር ጋ፣ ከሰዓቱ ሥር፣ በሰው ቁመት ልክ ነው ያስለጠፍኩት፤ አንገት ማቃናት አያስፈልግም።

አሁን ወሬው አለቀ። ዳር ዳሩን መዞሬም ይብቃኝ።

በ1981፣ ዲሴምበር 7፣ የስሜ ቅዱስ በሚከበርበት ቀን፣ ቤታችን ሃያ ሰው ነበር። አንቺ ስለ አባትሽ እየተናገርሽ ነበር፤ የመጀመሪያውን ክንፍ ከአልጋ አንሶላ እንዴት እንደሰፋው። ሦስት ፓሊንካ ጠጥቼ ነበር፣ ግን በፓሊንካው አላሳብብም። ሰዎቹ ዓይን ለዓይን ሲጠቃቀሱ አየሁ፤ ከእነሱ ወገን መሆን ፈለግሁ። አንቺ «ከመሬት ሲነሳ» ስትይ፣ እኔ «ኳክ» አልኩ። ሃያውም ሰው ሳቀ። ሽርጥሽን ፈታሽ፣ አጠፍሽው፣ ወንበሩ ላይ አኖርሽው። ዞረሽ አየሽኝና «አንተም?» አልሽ። በማግስቱ በጠዋቱ ባቡር ሄድሽ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። በራዬን መስታወት አሳየኝ። አፌን ያሳየችኝ ያቺ «አንተም?» ያልሻት ቃል ናት። ከልጅነትሽ ጀምሮ ከመንገዱ ሁሉ ሸሽተሽ አንድ ቤት ገባሽ፣ የእኔን ቤት፤ ያ ድምፅ እዚህ አይገባም ብለሽ አመንሽ። በገዛ ጠረጴዛሽ ላይ፣ በገዛ ባልሽ አፍ አሰማሁሽ። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። ይህችን ሁለት መስመር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ፤ ሰሌዳው የፈጀው አንድ ዓመት ከምናምን ነው። ከሁለቱ የከበደው የቱ እንደሆነ ታዪዋለሽ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ከቶርማ ጋር ትናንት ያጣላን ነገር ነው። ሰሌዳው አሁን ጣቢያው ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተሸፍኗል። በሥነ ሥርዓቱ ወረቀት ላይ «ሰሌዳውን የሚገልጡት፦ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር» የሚል አየሁ። እርሳሱን ተቀብዬ ሰረዝኩትና «ልጁ ማልቪን» ብዬ ጻፍኩ።

«ጋሽ አምብሩሽ፣ ትመጣለች?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ባትመጣስ?»

«ተሸፍኖ ይቆያላ።»

«ጋሼ፣ የሙዚቃ ጓድ ጠርተናል እኮ! ከአውራጃ ሰዎች ይመጣሉ! ጨርቅ ሊያዩ ነው?»

«ሙዚቃው ይጫወት። ሰዎቹም ይብሉ፣ ይጠጡ። ጨርቁን ግን ከእሷ ሌላ የሚነካ እጅ የለም።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«እስክትመጣ።»

እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወጣ። በኋላ ግን የጣቢያውን ጠባቂ ጠርቶ «ያን ጨርቅ ማንም እንዳይነካው» ሲለው ሰምቻለሁ። ቼሪ ቢሰርቅም ክፉ ልጅ አይደለም።

ስለዚህ ማልቪኔ፣ እሑድ ከሾፕሮን የሚነሳው የጠዋቱ ባቡር እዚህ የሚገባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔ ጣቢያው ላይ ነኝ። እንድታናግሪኝ ብዬ አይደለም። ጨርቁን አንስተሽ፣ አባትሽን አይተሽ፣ በቀጣዩ ባቡር መመለስ ትችያለሽ፤ ቦርሳሽን ይዤ እስከ በሩ እሸኝሻለሁ። ይህ እሑድ ካልሆነልሽ ሌላ እሑድ አለ፣ ከዚያም ሌላ። የጠዋቱ ባቡር በየቀኑ አለ፣ እኔም በየቀኑ አለሁ። ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ዝናብ ይችላል። እኔም እችላለሁ።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ኤርናን ሳሚልኝ፤ እንደተቆጣችኝ ነው የምወዳት በያት።

ባልሽ፣ ከፈቀድሽ፣
አምብሩሽ